ደረት

ማክሰኞ፣ በርገን። ዝናቡ ይዘንባል እንደ ልማዱ፤
ሰው አንገቱን በኮሌታው ቀብሮ ያልፋል በየመንገዱ።
ከትምህርት ቤት ጽዳት ወጥቼ ቀላል ባቡር ስጠብቅ፣
በረኪና የበላው ጣቴን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሳሞቅ፣
ከጎኔ የቆመው ሽማግሌ፣ ባሮ ሽንኩርት በፌስታል የያዘ፣
ሊለኝ ያሰበው ነገር ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ደነዘዘ።
ከሚስማር እንዳመለጠ ካፖርት ታጥፎ ወረደ፤
ፌስታሉ ተቀዶ አንዱ ሽንኩርት ከሐዲዱ ማዶ ሄደ።

ሰው ተሰበሰበ፤ እዚህ አገር ሲሰበሰቡም ተራርቀው፣
ጃንጥላ ከጃንጥላ እንዳይነካ ተጠንቅቀው።
ተንበርክኬ ጠራሁት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆን አላውቅም፤
አንዴ አፉ ተከፈተ፣ እንደ ዓሣ፤ ያንን ትንፋሽ አልለውም።
አንዲት ልጅ ስልኳን ድንጋዩ ላይ አኖረች፤ ከውስጡ የሴት ድምፅ ወጣ፣
"ልቡ ቆሟል። እጅሽን ደረቱ መሐል። ጫኚ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ።"

ደረት!
እኔ ደረት መድቃት ከለቅሶ ቤት ነው የማውቀው፤
ሰው ከሄደ በኋላ ነው ጡጫ ደረት ላይ የሚወድቀው።
እትዬ ዘርትሁን ልጇን ቀብራ በድንኳኑ መሃል ቆማ፣
የገዛ ደረቷ ድው ድው ሲል፣ እስከ ወንዙ ማዶ ሲሰማ፣
እኔም ከጎኗ በልጅ ጡጫዬ የራሴን ደቅቻለሁ፤
ሙት እንዲህ ነው የሚሸኝ ብዬ እጄን አስተምሬዋለሁ።

እዚህ ግን ደረቱ የሰው ነው፣ የኔ አይደለም፤
የመጣሁት ቀድሜ ነው፤ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም።

መዳፍ በመዳፍ ደርቤ፣ ክንዴን እንደ ዘነዘና አቅንቼ፣
ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ ወረድኩ፤ የቀኑን ድካም ረስቼ።
ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ለሠራተኛ ሁሉ ግዴታ ነው ተብሎ፣
እግር የሌለው የጎማ ሰውዬ ወለል ላይ ተጥሎ፣
ስቀን ነበር፤ ሒቦ "ሲጠሩት አይሰማ፣ የኔን ባል ይመስላል" ስትል፤
እጄ ግን ሳይስቅ ተምሮ ኖሮ፣ ይኸው ሳልነግረው ይችላል።

ስልኩ በነሱ ቋንቋ ይቆጥራል፤ እኔ በራሴ እቆጥራለሁ፤
ሠላሳ ላይ ስደርስ ጠፍቶኝ ከአንድ እንደ አዲስ እጀምራለሁ።
ቁጥር እስከ ዛሬ ኪራይ ነበር፣ መብራት፣ የስልክ ሂሳብ፤
ዛሬ ደም ነው፤ በእጄ ጉልበት ወደ ራስ ቅሉ የሚሳብ።
ከመዳፌ ሥር አንድ ጎድን ቀጭ አለ፤ "ሰበርኩት!" ብዬ ጮህኩ፤
"ይሰበር። አጥንት ይጠገናል። አታቁሚ" አለችኝ፤ ቀጠልኩ።

"ልብ በል" እንላለን ለዝንጉ፣ "ልብ ግዛ" ለልጅ፣ ለምክር፤
ለዚህ ልብ ግን ምን ይባላል? አንዴ ብቻ፣ እባክህ፣ ትር!

አንድ ጎረምሳ ከፋርማሲው ግድግዳ ሳጥኑን ነቅሎ እየሮጠ፣
ጫማው ውሃ እየረጨ መጣ፤ በመቀስ ሸሚዙን ቆረጠ።
ሳጥኑ አፍ አውጥቶ ተናገረ፦ "ማንም ሰው እንዳይነካው!"
ያን ጊዜ ነው ቁልፉን ያየሁት፣ በቀይ ክር፣ በወንድ እጅ የተሰፋው።
ገላው አንዴ ብድግ አለ፤ ጸጥ አለ፤ ዝናቡ ብቻ ወረደ፤
"ቀጥሉ" አለ ሳጥኑ፤ እጄ ራሱ ወደ ስፍራው ሄደ።

ቢጫ ለባሾቹ ደረሱ፤ አንዱ ትከሻዬን ነክቶ "አሁን እኛ" አለ፤
እጄ ግን አልሰማም ብሎ አየር ላይ ቀጠለ።

ባቡሩ መጣ፣ ሰው ገባ፣ በሩ በሥርዓቱ ተዘጋ፤
እኔ ቀረሁ ጉልበቴ ርሶ፣ ከረጠበው ድንጋይ ጋ።

ዳነ? አልዳነም? አልነገሩኝም፤ የሰው ሕመም ምስጢር ነው አሉ፤
"ነፍስ ይማር" ወይስ "እንኳን ማረህ"? አፌ ላይ ሁለቱም አሉ።
ሁለቱም የምሕረት ቃል ናቸው፤
ስም ብቻ ነው ያጣሁላቸው።

ሐዲዱን ተሻግሬ ሽንኩርቱን ከፌርማታው ወንበር አኖርኩት፣
ባለቤቱ ቢመጣ ብዬ። ሐሙስ ሳልፍ አጣሁት።
የጽዳት ሰው ነው ያነሣው፤ ሥራዬ ነውና አውቃለሁ።
ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ግን
ቀይ ክር እፈልጋለሁ።